ያነሰው ሳንቲም የማምረቻ ስህተት ነው ወይስ ጉዳት?

ጠያቂ፦ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ የአሜሪካ ፔኒ፣ ማለትም 1 ሳንቲም፣ አለኝ። ከሌሎቹ ጋር ሳስተያየው በግልጽ ያንሳል። አንዱ «የማምረቻ ስህተት ነው፣ በውድ ይሸጣል» ይለኛል። ሌላው «ተጎድቶ ነው እንጂ» ይላል። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ሳንቲም «ስህተት ነው» ብሎ መሸጥ ልክ ነው?

ሰብሳቢ፦ እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። እንዲህ ያለ ስህተት እኮ በእርግጥ ያጋጥማል። ለዳይም፣ ማለትም ለ10 ሳንቲሙ የተዘጋጀ ክብ ብረት ወደ ፔኒው ማተሚያ ይገባል። በትንሹ ብረት ላይ የትልቁ ሥዕል ይታተማል። ብርቅ ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው። ገዢው እንደሆነ ዓይን አለው።

አንጥረኛ፦ ዓይን ብቻ አይበቃም። አንተ እንዳልከው ቢሆን ሥዕሉ ራሱ አያንስም፤ ዳር ዳሩ ነው የሚጎድለው። የዚያን ጊዜ ዳይም ደግሞ ከብር ነበር የሚሠራው። ስለዚህ ሳንቲሙ ነጭ ይሆናል፣ ክብደቱም 2.5 ግራም ገደማ ነው። የዚያ ዘመን ጤነኛ ፔኒ 3.11 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። ጠያቂያችን፣ እስቲ መዝንልን።

ጠያቂ፦ 3.1 ግራም። ስፋቱ 17.8 ሚሊ ሜትር። መልኩ የመዳብ ነው። ጠርዙ ወፍሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ የፊደሎቹን አናት ሸፍኗል።

አንጥረኛ፦ በቃ፣ ታወቀ። ስፋቱ ቀንሶ ክብደቱ ካልቀነሰ ብረቱ የትም አልሄደም፤ ወደ መሃል ተጠቅጥቋል። ይህ በትልልቅ የልብስ ማድረቂያ ማሽኖች ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። ሳንቲሙ ልብሱን ከሚያዞረው ከበሮ ጥግ ክፍተት ውስጥ ይሸጎጣል። ማሽኑ በዞረ ቁጥር እየተንከባለለ ጠርዙ ይቀጠቀጣል። ያንተ ያለ ጥርጥር የዚህ ዓይነት ነው።

ተማሪ፦ አሲድ ቢሆንስ?

አንጥረኛ፦ አሲድ ብረቱን ይበላዋል። ሳንቲሙ ይሳሳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል። የዚህ ጠርዝ ግን ወፍሯል።

የታሪክ አስተማሪ፦ ጠርዙን ቆርጠው ቢሆንም ክብደቱ ይጎድል ነበር። ድሮ የብር ሳንቲም ዳር ዳሩን እየከረከሙ ብናኙን የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1696 አሮጌውን የብር ገንዘብ ሰብስባ አቅልጣ እንደ አዲስ እስከማተም የደረሰችው በዚሁ ጣጣ ነው። ጠርዝ ላይ የምናያቸው ጥርሶችም የተከረከመው ወዲያው እንዲታወቅ የተደረጉ ናቸው።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ማድረቂያ ይሁን። የሚወደው ካለ ለምን አይሸጥም?

አንጥረኛ፦ ይሸጥ! ግን «በማሽን የተጎዳ» ተብሎ ይሸጥ። እኔን የሚያናድደኝ ስሙ ነው። ጀማሪው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለተቀጠቀጠ ፔኒ ከፍሎ ይሄዳል። ክብደቱና ስፋቱ ያልተጻፈበት «የስህተት ሳንቲም» ለገበያ መቅረብ የለበትም።

ሰብሳቢ፦ ሁሉም ሻጭ እኮ ሚዛን የለውም።

አንጥረኛ፦ ሚዛን ከሌለው «ስህተት» መሆኑን በምን አወቀ?