«ሰውር» ማለት «ስውር» ነው እንዴ?

ፊደል ቆጣሪ፦ አውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ከ12ቱ ከዋክብት ሁለተኛው «ሰውር» ነው። «ሰወረ» ከሚለው ግስ ወጥቷል፣ ኮከቡ ሰውር የሆነ ሰውም ምስጢረኛ ነው ሲባል ይሰማል። ፍቺው ያስኬዳል?

ባለ ግስ፦ አያስኬድም። ሰውር በሬ ነው። ከዓረብኛው የበሬ ስም የመጣ ነው፤ ዕብራይስጡ «ሾር» ይለዋል፣ ግዕዛችንም የራሱ «ሶር» አለው፤ ሲበዛ «አስዋር»። ሁሉም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። መጽሐፉ «ሶር» ብሎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። ጎረቤቶቹንም ይመልከቱ፦ ሐመል ጠቦት፣ አሰድ አንበሳ፣ ሰንቡላ የእህል ዛላ፣ ሑት ዓሣ። ስሞቹ በዓረብኛ በኩል መግባታቸው ከመልካቸው ይታወቃል።

ፒያሳ፦ እንግዲያው «ኮከቤ ሰውር ነው» የሚል ሰው በሚያዝያ መጨረሻ የተወለደ ነው ማለት ነው?

ባለ ግስ፦ የሚደባለቀው እዚህ ጋ ነው። አውደ ነገሥት የልደት ቀን አይጠይቅም። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ 2 ከተረፈ ሰውር፣ ባሕርዩም መሬት። «ኮከባቸው ገጠመ» የሚባለውም ከዚህ ቆጠራ ነው። በመጽሔት የሚወጣው ኮከብ ግን በፀሐይ ነው የሚሄደው፤ ከሚያዝያ 12 እስከ ግንቦት 12 ገደማ።

ሰማይ ጠባቂ፦ ሰማዩ ደግሞ ከሁለቱም አይስማማም። ዛሬ ፀሐይ በሰውር ከዋክብት ፊት የምታልፈው ከግንቦት 6 እስከ ሰኔ 14 አካባቢ ነው። የምድር ዛቢያ እንደ እንዝርት ስለሚወዛወዝ ሰሌዳው በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ይንሸራተታል።

የበሬው ታሪክ ከግሪክ ይቀድማል። በጥንቱ የሜሶጶጣሚያ የጊልጋሜሽ ተረት ሴት አምላኳ ኢሽታር የምትልከው «የሰማይ በሬ» ነው። ግሪኮች አምላካቸው ዜውስ ነጭ በሬ ሆኖ ኤውሮፓ የተባለችውን ልዕልት በባሕር ወደ ቀርጤስ ወሰዳት ይላሉ። በሥዕሉ የፊቱ ግማሽ ብቻ የሚታየውም ኋላው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ነው ይባላል። (ለፊደል ቆጣሪ ይሁንላቸው፤ ግማሹ በሬ በእርግጥ ስውር ነው።)

ማየት ለሚፈልግ፦ በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አራት ኪሎ ቆሞ ቀጥ ብሎ ወደ አናቱ ይመልከት። ቢቻል በጀርባ መተኛት ይሻላል፤ አለዚያ አንገት አይችለውም። ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ብርቱካናማዋ የሰውር ኮከብ አልደበራን አለች። ስሟ በዓረብኛ «ተከታይ» ነው፤ ትንቢተ አሞጽ 5፥8 ላይ ከኦሪዮን ጋር የተጠሩትን ሰባቱን ከዋክብት ከኋላ ስለምትከተል። በዙሪያዋ ሥሩ የሾለ «ሀ» የሚመስለው መንጋ ሂያዴስ ነው። እሷ ግን ከመንጋው አይደለችም፤ እሷ 65፣ መንጋው 150 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ።

ሰባቱን ለማየት 10 በ50 ባይኖኩላር (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር) ይበቃል። በቴሌስኮፕ ከፍተኛ ማጉያ ያስገባ ሰው «ጠፉብኝ» ይላል፤ የጠፉት ስፋታቸው የሙሉ ጨረቃን 4 እጥፍ ስለሚያህል ከእይታው ስለሚወጡ ነው። ዝቅተኛውን ማጉያ ይጠቀሙ።

ሸርጣን ኔቡላ ከደቡባዊው ቀንድ ጫፍ 1 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ አለ። ቻይናውያን እ.ኤ.አ. በ1054 በቀን ሳይቀር ያዩት የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ነው። የብሩህነት መለኪያው 8.4 ስለሆነ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ይደክማል) የመሀል ከተማው መብራት ይውጠዋል። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ከከተማ ወጥቶ፣ ሌንሱ ወይም መስታወቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ነው የሚታየው፤ ያውም እንደ ደብዛዛ ጭስ።

ፒያሳ፦ ሸርጣን ራሱን የቻለ አራተኛ ኮከብ አይደል? በበሬው ቀንድ ላይ ምን ይሠራል?

ባለ ግስ፦ ስም ነው የተጋጨው። የኔቡላው ስም የመጣው የአየርላንዱ ዊሊያም ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከሳለው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ሸርጣን ይመስል ነበር። በጽሑፍ «ሸርጣን» ብቻ ካሉ አንባቢ ኮከቡን ነው የሚረዳው፤ «ኔቡላ» የምትለዋን አይጣሏት።