የሦስት ዓመት ማሻሻያ ዕቅድ አውጪ ተባልኩ፣ መሳቢያ የማይገባ ዕቅድ እንዴት ነው የሚሰራው?

ምክትሏ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤቶች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የመማር ማስተማር ምክትል ሆኜ ዘንድሮ ነው የተመደብኩት፣ ከ9 እስከ 12 ነው ያለን። ዳይሬክተራችን ሲስተር ናቸው፣ ጎበዝ ግን ቀጥ ያሉ፣ እና ባለፈው ጠርተውኝ "የድሮው ዕቅድ ጊዜው አልቋል፣ አዲሱን አንቺ ምሪው፣ ግን መሳቢያ የሚሞላ ወረቀት እንዳታመጪልኝ" አሉኝ። የድሮውን አውጥቼ ሳነበው ሳቄ መጣ። መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የህብረተሰብ ተሳትፎ ብሎ ሁላችንም የምናውቃቸውን አራቱን ዘርፎች ይደረድርና ከስራቸው ግብ በግብ ነው፣ "ውጤት ማሳደግ"፣ "ስነምግባር ማጎልበት"፣ "ተሳትፎ ማጠናከር"። ከስንት ወደ ስንት? የለም። ፈጻሚ አካል የሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ከላይ እስከ ታች "መላው የት/ቤቱ ማህበረሰብ"። እሺ መላው ማህበረሰብ ካልሰራው ማንን ነው ቢሮ የምጠራው?

ሁለት ነገር ነው የጨነቀኝ። አንደኛ ሮስተራችን (የውጤት መዝገባችን) ያምራል፣ የክፍል አማካዩ ሁሌ ከ80 በላይ ነው፣ 12ኛ ክፍል ሞዴል (የብሄራዊው ፈተና መለማመጃ) ስንሰጥ ግን ሌላ ልጆች የተፈተኑ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ ሲስተር "የሰብዓዊና መንፈሳዊ ዕድገት" የሚል ግብ የግድ ይግባ ብለዋል፣ ተገቢም ነው የካቶሊክ ት/ቤት ነን፣ ግን አብዛኛው ልጅ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም አለ፣ ምኑን ነው የምለካው? ቅዳሴ የመጣ ልጅ ልቁጠር? ሰርታችሁ ያያችሁ ካላችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

የድሮ_ሱፐርቫይዘር፦
እንኳን ደስ አለሽ ልጄ፣ ከባድ ወንበር ነው። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ስንቱን ዕቅድ አይቻለሁ መሰለሽ፣ ዓመተ ምህረቱን ብቻ ቀይሮ የሚያመጣልሽም አለ። የሚያሳስተው ምን መሰለሽ፣ ለት/ቤቶች ደረጃ የሚሰጠው ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርድ አለው፣ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ተብሎ ከመቶ ይያዛል፣ ከ70 ጀምሮ ደረጃ 3 ከ90 ጀምሮ ደረጃ 4፣ እና ሁሉም ት/ቤት ለ26ቱም ግብ ያወጣል። እነሱ መመዘኛ ናቸው እንጂ ሁሉንም ባንዴ አሻሽሉ ያለ የለም። ግለ ግምገማውን ለ26ቱም በሀቅ ሙሉት፣ የትምህርት ባለስልጣኑ የሚፈልገውን በፎርሙ ስጡት፣ ከዚያ ግን ለራሳችሁ ሦስት ምረጡ። አራት አትበዪ። ለእያንዳንዱ መነሻ ቁጥር፣ አንድ የሰው ስም (ኮሚቴ አይደለም!) እና የሚታይበት ቀን። በየሴሚስተሩ የሚታይ ግብ ሬሳ ምርመራ ነው፣ ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው የምትሰሚው። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ የሆነ ነገር ካልታየ ያ ግብ የለም በይው።

ደግሞ አስቢ፣ የ10ኛ ክፍል ብሄራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ልጁ ከ8ኛ ወጥቶ 12ኛ እስኪደርስ ከውጭ መጥቶ የሚመዝነው የለም። አራት ዓመት ሙሉ በራሳችሁ ማርክ ብቻ ነው የምትኖሩት። ሮስተርሽ ያማረው ለዛ ነው።

ፊዚክስ_11ቢ፦
እኔ ግብ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ነው የሚፈላው ይቅርታ። በፊት የነበርኩበት ግቢ "በሁሉም ትምህርት ከ50 በታች የሚያመጣ ተማሪ አይኖርም" ተብሎ ግብ ወጣ፣ ባነር ሁሉ ተሰራ፣ ታዲያ ምን ሆነ፣ ከ50 በታች የሚባል ጠፋ ወላሂ። ደብተር ለጻፈ 10፣ ለተሳትፎ 10፣ ግሩፕ አሳይመንት 20፣ እሱን አንድ ልጅ ይሰራዋል አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ይኸው ልጁ ፋይናል ሳይቀመጥ 40 ይዟል። ፋይናሉን የሚያወጣው ያው አስተማሪው ነው፣ ያው ሪቪው ያሰራውን ጥያቄ ቁጥር ሳይቀይር ያመጣዋል። ማንም አልዋሸም እኮ፣ ሁሉም ግቡን ነው ያሳካው።

ስለዚህ አማካይ ውጤትን ግብ አታድርጊ። እኛ አሁን ምን እናደርጋለን፣ ሚድና ፋይናሉ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ነው፣ የኤን ሴክሽን የሚያስተምረው ለቢ ያርማል፣ እና ማርኩን ትተን የትኛው ጥያቄ ነው የፈጃቸው የሚለውን እናያለን። ለምሳሌ የ11ኛ ልጆቻችን የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ሲሰጣቸው ፎርሙላውን በቃላቸው ይነግሩሃል፣ መስመሩ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ግን "መኪናው ወደ ኋላ ሄደ" ይላሉ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ ማለት መሆኑ አይገባቸውም። ይሄንን 78 የሚል ማርክ አይነግርህም። ግባችን "ግራፍ ማንበብ" ሆነ፣ በቃ እሱ ብቻ፣ ከ9ኛ ሒሳብ አስተማሪዎች ጋር ቁጭ ብለን።

ምክትሏ፦
@ፊዚክስ_11ቢ ልቤን ነው የነካኸው፣ ደብተር ለጻፈ 10 እኛም ጋ አለ 😅 ግን በየጥያቄው መቁጠሩ ለአስተማሪ ጫና አይሆንም? በሳምንት 25 ፔሬድ ያለው አስተማሪ ኤክሴል ላይ ቁጭ ብለህ ሙላ ብለው ነገ ነው መልቀቂያ የሚያስገባልኝ።

ፊዚክስ_11ቢ፦
ኤክሴል ማን አለሽ። ወረቀቱን ትመልሺላቸዋለሽ፣ "ጥያቄ 1 የተሳሳታችሁ እጅ አውጡ"፣ ሞኒተሩ (የክፍል አለቃው) ይቆጥራል፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፋል፣ ቀጥል 2። አስር ደቂቃ አይፈጅም። ከግማሽ በላይ እጅ የወጣባት ጥያቄ ላይ አስተማሪው ያከብባል፣ ዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ እሷን ብቻ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ አፍሮ እጁን ላያወጣ ይችላል፣ ይሁን፣ ለስራ ይበቃል።

አቦ_እናውራ፦
ምን አስጨነቃችሁ፣ ወላጅ የሚከፍለው ለ12ኛ ነው። በ2014 አገር አቀፍ ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ግቡ አንድ ነው፣ ከተፈታኞቻችን ስንቱ 50 በመቶ አለፈ። ሌላው ወሬ ነው።

የድሮ_ሱፐርቫይዘር፦
@አቦ_እናውራ ቁጥሩ ልክ ነህ፣ ግን "ከተፈታኞቻችን" የምትለዋ ላይ ቆም በል። 11ኛ ላይ ደከም ያለውን ልጅ "ሌላ ት/ቤት ብትሞክር ይሻልሃል" ብሎ መሸኛ እየሰጠ የሚያስወጣ ት/ቤት አውቃለሁ፣ ከዚያ 12ኛ ላይ መቶ በመቶ አሳለፍን ብሎ ኬክ ይቆርሳል። መቆጠር ያለበት ከ9ኛ ነው። 9ኛ ከገቡት ውስጥ ስንቱ እዚሁ 12ኛ ደረሰ፣ ከነሱ ስንቱ አለፈ። የወጣውም በስሙ ይጻፍ፣ ለምን ወጣ፣ ቤት ቀይሮ ነው፣ ክፍያ ነው፣ ተገፍቶ ነው። የካቶሊክ ት/ቤት ደግሞ ይሄን ካልቆጠረ ማን ሊቆጥር ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
እኔ ወላጅ ነኝ፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ልጆቼ የሲስተሮች ት/ቤት ነው የተማሩት እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ተመስገን በጣም ደስተኛ ነኝ። ግን ወላጅ ስብሰባ ስንጠራ አንድም የክፍያ ጭማሪ ነው አንድም በፓወር ፖይንት "78 በመቶ ተፈጽሟል" የሚል ነው፣ የምኑ 78 እንደሆነ አንዳችንም አይገባንም፣ አጨብጭበን እንወጣለን። እኔ ማወቅ የምፈልገው ልጄ ሲቀር በዛኑ ቀን ይደወልልኛል ወይ፣ እንግሊዝኛ ካቃተው ቲውቶሪያል የሚገባው መቼ ነው፣ ይሄው ነው። ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ውስጥ ያለን ሰዎች እንድንከታተል ከተፈለገ የሚገባንን ነገር ስጡን።

ወንድም_መምህር፦
ሰላም ምክትል። እኔ የማኅበር ወንድም ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ አንድ የሚሲዮን ት/ቤት እሰራለሁ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። ቅዳሴ የመጣ አትቁጠሪ፣ በፍጹም። የልጅን ጸሎት ቁጥር ያደረግሽ ቀን ለማርክ ብሎ የሚያማትብ ልጅ ነው የምታፈሪው፣ የሙስሊሙንና የኦርቶዶክሱን ቤተሰብ ደግሞ ያለ ምክንያት ታስቀይሚያለሽ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ የካቶሊክ ት/ቤት በተለይ ሊያስብላቸው የሚገቡትን ሲጠቅስ ድሆችን፣ የቤተሰብ ፍቅርና እርዳታ ያጡትን፣ የእምነቱ ተካፋይ ያልሆኑትን ነው የሚለው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ግልጽ ግብ ከየት ይመጣል? የምትለኪው ልጆቹን ሳይሆን እኛን ትልልቆቹን ነው።

እኛ ሁለት ነገር ነው የምንይዘው። አንዱ በነፃ የሚማሩት ልጆች ከሚከፍሉት እኩል 12ኛ ይደርሳሉ ወይ የሚል ነው። እነሱ ናቸው መጀመሪያ የሚያቋርጡት፣ ክፍያውን ብትተዪላቸውም ዩኒፎርም አለ፣ ታክሲ አለ፣ ታናሽ የሚጠብቅ የለም አለ። ሁለተኛው የስም ዝርዝር ነው። የ9ኛ ክፍሎችን ስም በሙሉ አትመን ልጆች በማይገቡበት የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ እያንዳንዱ መምህር ከትምህርት ውጭ በደንብ ያወራውን፣ የቤቱን ሁኔታ የሚያውቀውን ልጅ ስም ጎን ነጥብ ያደርጋል። ጎበዞቹና ረባሾቹ ጎን ነጥቡ ይንጋጋል። መሃል ላይ ያለው ዝምተኛ ልጅ፣ 65 የሚያመጣው፣ ማንንም የማያስቸግረው፣ ባዶ ነው። ባዶዎቹን ስም በስም እንከፋፈላለን፣ በእረፍት ሰዓት እንፈልጋቸዋለን፣ ከወር በኋላ ወረቀቱን እንደገና እናያለን። የሳሌዥያን ማኅበር መስራች ዶን ቦስኮ አስተማሪ እረፍት ሰዓት ላይ ከልጆቹ መሃል ይገኝ ይል የነበረው ዝም ብሎ አልነበረም። መምህራኑ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ እረፍት ሰዓታችን ነው ብለው፣ እውነትም እረፍታቸው ነው፣ ስለዚህ በፕሮግራም አደረግነውና የግቢ ተራ የደረሰበት መምህር ከሰልፍ ተራ ነፃ ነው።

ምክትሏ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ይሄን ይዤ ሲስተር ጋ ገብቼ ነበር። ከ9ኛ ጀምሮ በስም መቁጠሩን ወዲያው ተቀበሉ፣ እሱን ራሳቸው ሊይዙ። የጥያቄ ቆጠራው በሒሳብና በእንግሊዝኛ ብቻ ይጀመር ተባለ፣ የሁለቱ ዲፓርትመንት ሄዶች ስም ገባ፣ የጋራ ፈተናውንም አብረው ይይዛሉ። የስም ዝርዝሩ ላይ ግን ተከራከርን፣ እሳቸው ነጥቡን ያደረገው መምህር ማን እንደሆነ ይታወቅ ይላሉ፣ እኔ ስም ካለበት ለታይታ ይሞሉታል ባይ ነኝ። @ወንድም_መምህር እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ወንድም_መምህር፦
ስም የለውም፣ ነጥብ ብቻ። ባዶዎቹን ስንከፋፈል ግን ማን ማንን እንደወሰደ እንጽፋለን። ለሲስተር እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይስማሙ ይመስለኛል።

ፊዚክስ_11ቢ፦
ደብተር ለጻፈ 10 የምትለዋን ነገርስ ሲስተር ምን አሉ? 😁

ምክትሏ፦
ለሰኞ ስብሰባ አጀንዳ 1 ነች። ጸልዩልኝ።