በኮምቦልቻ የግቢ መዋኛ ገንዳን ከወፎች ስለመጠበቅ

የቦርከና ጎረቤት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢያችን ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆን መለስተኛ የመዋኛ ገንዳ አለን። በበጋ አካባቢው ሲደርቅ ርግቦችና ዋኔዎች ጠዋትና ማታ ጠርዙ ላይ ተኮልኩለው ይጠጣሉ፤ አልፎ አልፎም ዳክዬዎች ውሃው ላይ ያርፋሉ። ጠርዙም ውሃውም በኩስ ይበላሻል፤ የጨመርነው ክሎሪንም በማግስቱ ሲለካ ወርዶ ይገኛል። ወፎቹን ሳንጎዳ የምናርቅበት ዘዴ ካለ ብትጠቁሙን? ኩስ የገባበትን ውሃስ በሙሉ መቀየር ግድ ነው?

ጦሳ ሥር፦
የፕላስቲክ ጭልፊት ማቆም ወይም የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሲዲ መስቀል ለጊዜው ይረዳል፤ ቦታውን በየጊዜው ካልቀየሩት ግን ወፎቹ ይለምዱትና ጭራሽ በላዩ ላይ ማረፍ ይጀምራሉ።

የቃሉ ገበሬ ልጅ፦
የማሽላ እሸት ጠብቆ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በወንጭፍ የተባረረ ወፍ ጠባቂው ከማማው እንደወረደ ይመለሳል። ስለዚህ ከማስፈራራት ይልቅ ማረፊያና ምክንያት መንሳት ይሻላል። ገንዳው አጠገብ እህል የሚሰጣ ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር፤ በላዩ ያዘነበለ የዛፍ ቅርንጫፍም ይቆረጥ። ከገንዳው ራቅ ባለ ጥግ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ንጹሕ ውሃ ቢያስቀምጡላቸው ብዙዎቹ ወደዚያ ይሳባሉ፤ ትንኝ እንዳይራባበት ግን ውሃው ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

ለዳክዬዎቹ፣ ለዓሣ ማጥመጃ የሚያገለግለውን ናይለን ክር በገንዳው ወርድ በኩል፣ ከውሃው ጥቂት ከፍ አድርገው በየሜትሩ ይወጥሩ፤ ዳክዬ ለማረፍ ክፍት ውሃ ስለሚፈልግ ክሩ ይከለክለዋል። የላላ ክር እግርና ክንፍ ስለሚጠልፍ በደንብ መወጠር ይኖርበታል፤ በየክሩም ላይ ቁራጭ ጨርቅ ቢታሰር ለዓይን ይታያል። ጠርዝ ላይ ቆመው የሚጠጡትን ርግቦች ግን ክር አያግዳቸውም፤ ለእነርሱ ሁነኛው መፍትሔ ገንዳውን በማይጠቀሙበት ሰዓት በሸራ መሸፈን ነው።

የውሃ ባለሙያ፦
ውሃውን መድፋት አያስፈልግም። በወፍ ኩስ ውስጥ የሚገኙት እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ በሚገባ በተያዘ ገንዳ ውስጥ በደቂቃዎች ይሞታሉ። ዋናተኞቹን አስወጥተው ኩሱን በመረብ ያንሱት፤ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.5 ያልበለጠ መሆኑን አረጋግጠው፣ ክሎሪኑን በሊትር 2 ሚሊግራም ላይ አድርሰው ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። መረቡንም በክሎሪን ያጽዱ።

ክሎሪኑ ስለመውረዱ ግን ወፎቹን ብቻ አንውቀስ። ማረጋጊያ (ክሎሪንን ከፀሐይ የሚከላከል ኬሚካል) የሌለው ክሎሪን በፀሐይ ብርሃን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመናመናል፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ የምናውቀው ነው። ስለዚህ ማታ ማታ መጨመር ይመረጣል። ጠርዝ ላይ የደረቀውን ኩስ በደረቁ አይጥረጉት፤ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አስቀድመው ያርጥቡት።

የቦርከና ጎረቤት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጥልን። ክሩ ለልጆቹ አደጋ አይሆንም? ሸራውስ?

የቃሉ ገበሬ ልጅ፦
ክሩን በአንድ ጫፉ በመንጠቆ ቢያሲዙት ከዋና በፊት በቀላሉ ይነቀላል። ሸራው ግን ይበልጥ ያሳስባል፤ ገንዳውን በከፊል ሸፍኖ መዋኘት ፈጽሞ አይገባም፣ ከሥሩ የገባ ልጅ መውጫ ሊያጣ ይችላልና። ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ ይነሳ፤ ተዘርግቶ ሳለም ልጆች እንዳይረግጡት አዋቂ ይጠብቅ።