ኢሳይያስ 53ን ይዘው ለሚመጡ ምን እንመልስ?

ጥያቄ (ከመርካዝ ክሊታ፣ እስራኤል ውስጥ አዲስ መጤዎች ከሚያርፉበት ማዕከል)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ከጎንደር ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ሰሞኑን አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች ቤታችን እየመጡ ነው። ለልጆቹ ደብተር፣ ለእናቴ ብርድ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። ቡና ከጠጡ በኋላ ኢሳይያስ 53ን፣ ስለ እግዚአብሔር ባሪያ መከራ የሚናገረውን ምዕራፍ፣ ያነባሉ። «ነቢያችሁ የተናገረው ስለ ኢየሱስ ነው፤ ረቢዎቹ ደብቀዋችሁ ነው» ይሉናል። እናቴ ግራ ገብቷታል፤ እኔም መልስ አጣሁ። ሰዎቹን ማስቀየም አልፈልግም። ምን ልበላቸው?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኛም ስንመጣ ይኸው ነገር ገጥሞናል። እናቴ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ተቀብላ ትራሷ ሥር አስቀምጣው ነበር። በአማርኛ የታተመ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሜኖራ፣ የአይሁድ መቅረዝ፣ አለበት። ውስጡ ያለው ግን ኢሳይያስ 53 ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የለም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም የለም።

አይሁድ ለዘመናት ሲሰጡት የኖሩት መልስም ከዚሁ ይነሳል፦ አንዱን ምዕራፍ ነጥለህ አታንብብ። ኢሳይያስን ከምዕራፍ 41 ጀምረሽ ለእናትሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። «ባሪያዬ» የሚባለው ማን እንደሆነ ነቢዩ ራሱ ይናገራል። 41፥8 ላይ «ባሪያዬ እስራኤል» ይላል። 44፥1 ላይ ያዕቆብን ባሪያዬ ይለዋል፤ 44፥21 ላይ ይደግመዋል። 49፥3 ላይ ደግሞ «እስራኤል ሆይ፥ አንተ ባሪያዬ ነህ» ይላል። ስለ ባሪያው መከራ የሚናገረው ክፍልም የሚጀምረው ከ53፥1 ሳይሆን ከ52፥13 ነው። እዚያ ባሪያው ከፍ ከፍ ሲል ነገሥታት ደንግጠው አፋቸውን ይዘጋሉ። ቀጥሎ «የሰማነውን ማን አመነ?» የሚሉት ታዲያ እነማን ናቸው? መጽሐፍ ቅዱስን በማብራራት የታወቀው የአይሁድ ሊቅ ራሺ እንደሚለው እነዚያው አሕዛብ ናቸው። ሲንቁት የኖሩት ሕዝብ ሲከብር አይተው ተገርመው ነው የሚናገሩት።

«ይህን ረቢዎች በኋላ ፈጠሩት» ቢሉሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበረውን ኦሪጀንን ጥቀሺላቸው። ኦሪጀን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከአይሁድ ጋር ሲከራከር፣ ይህ ክፍል ስለ ተበተነው ሕዝብ ነው እንዳሉት ራሱ ጽፏል። ራሺ የኖረው ከእሱ 800 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

እነሱም የሚመልሱት አላቸው። 49፥5 እና 6 ላይ ባሪያው ያዕቆብን ይመልሳል ይላል፤ ታዲያ እንዴት ራሱ ያዕቆብ ይሆናል? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትሽሺው። ከአይሁድ ሊቃውንት አንዳንዶቹ እዚያ ላይ የሚናገረው ነቢዩ ነው ብለዋል። ሌሎች በእስራኤል መካከል ያሉ ጻድቃን ናቸው ብለዋል። በእኛ ዘንድ በአንድ ጥቅስ ላይ ብዙ ትርጉም መኖሩ ነውር አይደለም።

«የራሳችሁ ታልሙድ መሲሑ ይሰቃያል ይላል» የሚለውም አዲስ ነገር አይደለም። በ1263 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ባርሴሎና ላይ፣ በአራጎን ንጉሥ ፊት፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባው ፓብሎ ክርስቲያኒ ታላቁን ረቢ ራምባንን የሞገተው በዚሁ መንገድ ነው። ራምባን በታልሙድ፣ በጥንት ረቢዎች መጽሐፍ፣ ውስጥ ያለው አጋዳ የሚባለው ትረካ እንደ ሕግ የግድ የሚታመን አይደለም ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ነቢያት መሲሑ ሲመጣ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ብለዋል፤ ዓለም ግን ከኢየሱስ ዘመን ጀምሮ እስከዛሬ በግፍና በዝርፊያ ተሞልታለች አለ። ይህን በንጉሥ ፊት መናገር ቀላል አልነበረም። ንጉሡ ስጦታ ሰጥቶ አሰናበተው፤ በኋላ ግን አገሩን ጥሎ መሰደድ ግድ ሆነበት። በ1267 ወደ እስራኤል ምድር መጣ። እናትሽን ኢየሩሳሌም ስትወስጃት በአሮጌው ከተማ በስሙ የተጠራውን ምኩራብ አሳዪያት።

ኢሳይያስ 7ንም፣ «ድንግል ትፀንሳለች» የሚለውን፣ ስለ ኢየሱስ ነው ብለው ያነሳሉ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው አንብቡት። ሁለት ነገሥታት ኢየሩሳሌምን ሊወጉ መጥተዋል፤ ንጉሥ አካዝ ፈርቷል። ምልክቱ የተሰጠው ለእሱ ነው። ልጁ ክፉና ደጉን ሳይለይ የእነዚያ ነገሥታት ምድር ባዶ ይሆናል ይለዋል። ከ700 ዓመት በኋላ በሚወለድ ልጅ አካዝ በምን ይጽናናል?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «ያለ ደም ስርየት የለም፤ ቤተ መቅደሱም ፈርሷል፤ ስለዚህ ኢየሱስን ካልተቀበላችሁ ኃጢአታችሁ አይሰረይም» የሚሉት ነው። እንዲህ ብሎ አሮጊት ማስጨነቅ ግፍ ነው። ዘሌዋውያን 5፥11ን ተመልከቺ። ርግብ መግዛት ያልቻለ ድሃ ስለ ኃጢአቱ ዱቄት ያቀርባል፤ ይሰረይለታልም። የነነዌ ሰዎች ጾሙ፣ ከክፉ መንገዳቸው ተመለሱ፣ እግዚአብሔርም ማራቸው። መሥዋዕት ሲያቀርቡ አናነብም። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ፣ 1ኛ ነገሥት 8 ላይ፣ ሕዝቡ ተማርኮ በሩቅ አገር ሲኖር ፊቱን ወደዚህ ምድር አዙሮ ቢጸልይ ይቅር በለው ብሎ ለመነ። አያቶቻችን በጎንደር መንደሮች ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ሲጸልዩ የኖሩት በዚህ ተማምነው ነው።

እነሱም ፈተናው ደርሶባቸዋል። በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል፣ ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ተወልዶ የተጠመቀ ሰው፣ ለንደን ካለ የሚሲዮን ማኅበር ተልኮ ወደ ቤተ እስራኤል፣ ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያ አይሁድ፣ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱለት የሚጠመቁት ሰዎች ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲገቡ በሚል ነበር። ሚሲዮኖቹ መጽሐፍ እያደሉ፣ የቤተ እስራኤል ቄሶችን መሥዋዕት እየነቀፉ ሰበኩ። በ1862 የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ ማህሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሱ። ትግራይ ላይ ረሀብና በሽታ ጨረሳቸው። ጥቂቶቹ ናቸው የተመለሱት። ኦሪቱን ይዘው እዚህ ለመድረስ ሲሉ የሞቱ ሰዎች ልጆች መሆናችንን ለልጆችሽ ንገሪያቸው።

ሌላ አስተያየት

በተባለው ላይ ስለ ብርድ ልብሱ ልጨምር። እዚህ አገር ስለ እምነት መስበክ ክልክል አይደለም። ሰው ሃይማኖቱን እንዲቀይር ብሎ ገንዘብ ወይም ጥቅም መስጠት ግን ከ1977 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል፤ እስከ 5 ዓመት እስራት አለው። በዚያ ውል የተቀበለውም ይጠየቃል። ስለዚህ ከማን እንደመጣ ጠይቂ፤ የማታውቂው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ልጆቹን «ለሽርሽር እንውሰዳቸው» ቢሉሽ ማኅበሩ የማን እንደሆነ ሳታጣሪ እሺ አትበይ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ከ41 ጀምረን አነበብን፤ እናቴ 49 ላይ ስትደርስ «እኛን ነው እንዴ!» አለች። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። የአጎቴ ልጆች ጎንደር ጴንጤ ሆነዋል። በስልክ ይኼንኑ ያነሱብኛል። እነሱንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ

እነሱ ሌላ ናቸው፣ እህቴ። የሥጋ ዘመዶችሽ ናቸው፤ የሚያምኑትን ነው የሚነግሩሽ። በስልክ ክርክር አትግጠሚ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቂ። ጥቅስ ካነሱ «እኛ እንዲህ እናነበዋለን» ብለሽ በአጭሩ ንገሪያቸውና ወደ ሌላ ጨዋታ እለፊ። ስለ ኢየሱስም ክፉ ቃል ከአፍሽ አይውጣ።

ቤት ለሚመጡት ግን እንዲህ በያቸው፦ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ መጽሐፍ የምናነበው ከቄሳችን ጋር ነው። ከፈለጋችሁ እሳቸው ባሉበት ኑ።» ቄሱን ቀድመሽ አነጋግሪያቸው፤ በአካባቢሽ ያለውንም ረቢ ጨምሪ።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ የአማርኛውና የዕብራይስጡ ቁጥር አንዳንድ ቦታ አይገጥምም። በአማርኛ ኢሳይያስ 9፥6 ያለው በዕብራይስጡ 9፥5 ነው፤ ሚልክያስም በአማርኛ 4 ምዕራፍ፣ በዕብራይስጥ 3 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ ቁጥሩ ከተምታታባችሁ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ፈልጉ፤ የሚልክያስ 4 ግን በዕብራይስጡ የምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ነው።