በልጄ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ምርመራው ለምን ይደገማል?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ከጣቷ ጫፍ በተወሰደ ደም የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) መጠኗ በዴሲሊትር 8 ማይክሮግራም ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐኪሟ ከክንዷ ደም ሥር ተቀድቶ እንዲደገም አዘዋል። ትንሽ ልጅ ዳግመኛ በመርፌ መወጋቷ በእርግጥ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልጋል። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በጣት ቆዳ ላይ የቀረ ጥቂት አቧራ እንኳ ከደሙ ጠብታ ጋር ተቀላቅሎ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከጣት የተገኘ ከፍተኛ ውጤት ከደም ሥር በተቀዳ ናሙና ሳይረጋገጥ የመጨረሻ ተደርጎ አይወሰድም። ቱቦውም ቢሆን ለእርሳስ ምርመራ የተዘጋጀ መሆኑን ከመቀዳቱ በፊት ቢጠይቁ መልካም ነው።

መልስ፦ እስከዚያው ግን ምንጩን መፈለግ ይጀምሩ፤ የተላላጠ አሮጌ ቀለምና የቤት አቧራ ቀድመው ይታዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ መጠኑ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ተለይቶ ተጋላጭነቱ እንዲቋረጥ ይመክራል።

መልስ፦ በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ቢቀንስም፣ በአጥንት የተከማቸው ለዓመታት ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቢያገኙት፣ እባክዎ ክትትሉን አያቋርጡ።