ደሴ ወይ ኮምቦልቻ አጥንት የሌለው ምርጥ አሳና ድንች ጥብስ የት ይገኛል?

ሸዋበር_ልጅ፦
ሰላም የሰፈር ሰዎች፣ የአክስቴ ልጅ ከነልጆቿ ከእንግሊዝ ልትመጣ ነው፣ የሚኖሩት ዊትቢ የምትባል ባህር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ውስጥ ነው እና ልጆቹ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ላይ ነው ያደጉት፣ በስልክ ራሱ «እዛ አለ ወይ» ሲሉኝ አፌን ሞልቼ አለ አልኳቸው። እኔ የማውቀው ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣ የሚቀርበውን ነው፣ እነሱ ደግሞ አጥንት ያለው አሳ አይተው አያውቁም አሉ። ከተማ ውስጥ የበላሁት ኮተሌት ዱቄቱ ወፍራም አሳው ስስ፣ ድንቹም ዘይት ጠጥቶ የተልፈሰፈሰ ነው። የት ልውሰዳቸው? እናቴም አብራን አለች፣ አምባዛ ግን አትነካም።

ሐይቅ_ዳር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ደሴ ምን ትሠራለህ ሐይቅ ከተማ ይዘሃቸው ውጣ። 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በወልዲያ መንገድ። መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ነው የሚነሳው ስለዚህ ረፈድ ሲል ድረስ፣ ከሰዓት ከሄድክ የተረፈውን ነው የምትበላው። ከመታዘዙ በፊት አሳውን አሳዩኝ በል፣ ስንጥቡ ቀይ፣ አይኑ ጥርት ያለ፣ ስትጫነው ጎድጉዶ የማይቀር ይሁን። ከዛ ትልቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) መርጠህ ፊሌቶ፣ ማለት አጥንት የሌለውን ሥጋ፣ አውጡልኝ በላቸው፣ ትንሹ ቆሮሶ ሲፈለት ምንም አይተርፈውም። ፊሌቶ ሆኖ ከመጣ በኋላ አምባዛ ይሁን ቆሮሶ መለየት ያስቸግራል፣ ለእናትህ ስትል ከነቅርፊቱ እያለ እይ፣ አምባዛ ቅርፊት የለውም። ደግሞ ቆሮሶ እኮ ድሮ ሐይቅ ውስጥ አልነበረም፣ በደርግ ጊዜ ነው አምጥተው የጨመሩት፣ አሁን ያለሱ ሐይቅን የሚያስብ የለም።

ኮምቦልቻ_ነኝ፦
ኧረ ልጆቹን ለለመዱት ነገር ስትሉ አታድክሟቸው፣ አገራቸው የሚበሉትን ፍለጋ ወሎ ድረስ ይመጣሉ እንዴ 😂 ጉላሽና የአሳ ዱለት አብሏቸው አቦ።

ሊድስ_የነበረች፦
ዱለቱንም ይብሉ ግን ልጅ ልጅ ነው። እዛ በነበርኩበት ጊዜ አሳ ጥብስ ቤት ሠርቻለሁ ስለዚህ ልንገርህ። እነሱ የሚጠብሱት ኮድ ወይ ሃዶክ ነው፣ ዊትቢ ያለችበት ዮርክሻየር ደግሞ ሃዶክ ነው የሚወዱት፣ የቀዝቃዛ ባህር አሳ ስለሆነ እዚህ አትፈልገው፣ ቆሮሶም ነጭ ስጋ ነው ልጆቹ ብዙም አይለዩትም። ብዙዎቹ እዛ በዘይት ሳይሆን በበሬ ሞራ ነው የሚጠብሱት፣ የአክስትህ ልጅ ፆመኛ ከሆነች እዛ ስትገዛ መጠየቅ አለባት፣ እዚህ ግን ዘይት ስለሆነ ሰላም ነው።
ፊሌቶውን ከሐይቅ ገዝተህ ቤት ጥበስ ባይ ነኝ። በጨርቅ አድርቀህ ጨው ነስንስበት፣ ደረቅ ዱቄት ካስነካኸው በኋላ ሊጡ ውስጥ ንከረው። ሊጡ ፉርኖ ዱቄት በቢራ ነው፣ ጋዙ ነው ቀለል የሚያደርገው፣ ቤታችሁ ቢራ የማይገባ ከሆነ አምቦ ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ብቻ ከፍሪጅ የወጣ ይሁን እና ብዙ አታማስለው ይጎተታል። ዘይቱ ላይ ሊጥ ጠብ አድርግ፣ ወዲያው ተንጫጭቶ ብቅ ካለ ደርሷል። አንዴ ብዙ አትክተት ዘይቱ ይቀዘቅዝና ያ ያማረርክበት ነገር ይመጣል። ድንቹን ደግሞ ወፈር አድርገህ ከትፈህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አድርቀህ መጀመሪያ ለስለስ ባለ እሳት ሳይቀላ አብስለህ አውጣው፣ ሲበርድ በሞቀ ዘይት ድገመው። ከተማ ውስጥ የሚልፈሰፈሰው አንዴ ብቻ ስለሚጠበስ ነው፣ ዘይቱም ስንት ቀን እንደዋለ አላህ ይወቀው። ከላይ ጨውና አቼቶ። ሎሚ ካልክም ይሁን፣ እኔ እንዲያውም ሎሚ ይሻለኛል።

ሸዋበር_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ! ግን ጠዋት ገዝቼ ደሴ እስክመለስ ፀሐዩ አያበላሽብኝም?

ሐይቅ_ዳር፦
ደሴ ብርድ አገር ናት ምን ይሆናል፣ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። በረዶ በፌስታል አድርገህ በባልዲ ያዝ፣ ሚኒባስ ውስጥ እግርህ ስር አስቀምጠው፣ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ካለህ እንዳትሰጠው። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርድ ከሆነ ግን እዛ ስለሚሞቅ በረዶውን ጨምርበት። ልጆቹን ሐይቁን ሳታሳይ እንዳትመልስ ደግሞ፣ እዛ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን የአክስትህ ልጅ ከውጭ ነው የምታየው፣ ሴት አይገባም።

ኮምቦልቻ_ነኝ፦
ቤት ከሆነ አድራሻ ላኩልን እንጂ፣ ዳጣውን እኔ ይዤ እመጣለሁ