በአሮጌ የሸራ ጀልባ ካቢን ውስጥ አዲስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለ መዘርጋት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ ግዛት አናፖሊስ ላይ የምትቆም፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ አለችኝ። የ12 ቮልት ሽቦዎቿ ጠቁረዋል፤ የካቢኑ ጣሪያና ግድግዳ በውስጠኛ ሽፋን ስለ ተሸፈነ ደግሞ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ አይታይም። ሽፋኑን ሳልነቅል አዲስ ሽቦ ማስገባት እችላለሁ? አገር ቤት ለመኖሪያ ቤት እንዘረጋው የነበረውን ባለ አንድ ዘንግ የመዳብ ሽቦ ብጠቀምስ?

መልስ 1፦
አሮጌውን ሽቦ ቆርጠው አይጣሉት፤ መሳቢያዎ እሱ ነው። አንዱን ጫፍ ከአዲሱ ሽቦና ከናይለን ሲባጎ ጋር አስረው፣ መጋጠሚያው የትም እንዳይሰነቀር በናስትሮ አሹለው ይጠቅልሉትና አንድ ሰው ከወዲያ ሲስብ ሌላው ከወዲህ እየገፋ ያስገባ። ሲባጎው ወደፊት ለሚጨመር መስመር እዚያው ይቅር። ሽቦው ከሽፋኑ ሥር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ግን በጉልበት አይሳቡት፤ ሁለቱንም ጫፍ ከኤሌክትሪክ ለይተው እዚያው ይተዉትና አዲሱን በዕቃ ሣጥኖቹ ጀርባ፣ ውኃ ከሚጠራቀምበት የጀልባው ወለል ርቆ፣ ከፍ አድርገው ያሳልፉት። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው መንገድ የማያምር ቢመስልም ለጥገና የተሻለ ነው።

የቤቱን ሽቦ ይተዉት። የሞተሩና የማዕበሉ ንዝረት ባለ አንድ ዘንጉን ውሎ አድሮ ይሰብረዋል። ለጀልባ የሚሆነው በቲን የተለበጠ ባለ ብዙ ክር መዳብ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ከባትሪው 6 ሜትር ለሚርቀውና 5 አምፔር ለሚስበው የውኃ ማውጫ ፓምፕ ምን ያህል ውፍረት ያስፈልጋል? መጋጠሚያዎቹንስ በእርሳስ ብበይዳቸው?

መልስ 2፦
ርቀቱ ሲሰላ መሄጃውም መመለሻውም ስለሚቆጠር 12 ሜትር ይሆናል። መቀመጫው እዚያው አናፖሊስ የሆነው የአሜሪካ የጀልባና የያት ካውንስል፣ እንደ ውኃ ማውጫ ፓምፕና እንደ ጉዞ መብራት ላሉ ወሳኝ መስመሮች የቮልቴጅ መውረዱ (በሽቦው መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ) ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ለካቢን መብራት እስከ 10 በመቶ ይፈቀዳል። ከ12 ቮልት 3 በመቶው 0.36 ቮልት ነው፤ በመዳብ ሲሰላ 2.9 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ስለሚመጣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይግዙ። ፊውዙ ሽቦውን ከቃጠሎ የሚጠብቅ በመሆኑ ከፓምፑ ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ ይግባ።

ብየዳ ብቻውን መጋጠሚያ እንዲሆን ደንቡ አይፈቅድም፤ እርሳሱ የጠጣው ክር ይደርቅና ብየዳው ባበቃበት ቦታ በንዝረት ይሰበራል። ጫፎቹን በትክክለኛው መጭመቂያ ፒንሳ ጨምቀው፣ ሲሞቅ በሚኮማተርና ውስጡ ማጣበቂያ ባለው ቱቦ ይሸፍኗቸው።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለ12 ቮልቱ ኔጌቲቭ ጥቁር ሳይሆን ቢጫ ሽቦ ይምረጡ። ከወደቡ በሚመጣው የ120 ቮልት መስመር ጥቁሩ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ሽቦ ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ጀርባ ቢገናኙ አንዱን በሌላው መሳት ለሕይወት ያሰጋል።